ከድንኳኑ በፊት ያለው ሥራ
ጽኑ ሕመምተኛን በጊዜ ስለ መለየትና ወደሚረዳበት ስለ መምራት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ጡረታ እስከ ወጣሁበት ጊዜ ድረስ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በጤና መኮንንነት፣ በጤና ጣቢያ የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ያየሁትንና የሠራሁትን፣ ደግሞም መሥራት ሲገባኝ ሳልሠራው የቀረሁትን ነው።

እንደሚታወቀው ዕድራችን ሰው ሲሞት ምን ማድረግ እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። ጡሩምባው ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይወጣል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ወጣቶቹ መቃብር ሊያስቆፍሩ ይሄዳሉ፤ ገንዘብ ያዡም መዝገቡን አይቶ የሚገባውን ይከፍላል። ማንም «ምን ላድርግ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከዚያ በፊት ስላሉት ሳምንታትና ወራት ነው። ያ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ሲያቃስት፣ ሌሊቱ አልነጋለት ሲል ምን እናደርጋለን? እኛ የጤና ሠራተኞችስ ምን እናደርጋለን? እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል ያለን ሥርዐት እንደ ቀብሩ ሥርዐት የተደራጀ አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። ከብዙ ዓመታት በፊት እትዬ እያልሁ የምጠራቸው አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። ቡናቸው በሰፈሩ የታወቀ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ ሴት ነበሩ። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። ዐፍረው ደብቀውት ቆዩና ከቈሰለ በኋላ ልጃቸው እየጎተተች እኔ ዘንድ አመጣቻቸው። ሳየው ምን እንደ ሆነ ገባኝ። በዚያን ቀን በደጅ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ፓራሲታሞል ጻፍሁላቸው፤ በሪፈር ወረቀቱ ላይም «ለተሻለ ሕክምና» የምትል አንዲት መሥመር ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠኋቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሕመሙ ምን ያህል እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ሌሊት ይተኙ እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ማን እንደሚያስታምማቸውም አልጠየቅሁም።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄዱ። ቀጠሮ፣ ምርመራ፣ እንደገና ቀጠሮ ሆነ። በመጨረሻ በሽታው ወደ አጥንታቸው ስለ ተዛመተ «እንግዲህ ቤት ይሁኑ» ተብለው ተመለሱ። ለእኔ የተጻፈ የመልስ ወረቀት አልነበረም፤ እኔም የት ደረሱ ብዬ አላጣራሁም። ሆስፒታሉ በእኔ እጅ ያሉ መስሎት ነበር፤ እኔም በሆስፒታሉ እጅ ያሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው በመካከል ላይ ቀሩ። ለሰባት ሳምንት ያህል ያችኑ ፓራሲታሞል እየዋጡ ተሰቃዩ። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ጎረቤት ለቡና መጥራት ተዉ፤ ጠያቂ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

ሲያርፉ ዕድራችን ያደረገው ሁሉ የሚያስመሰግን ነበር። በሦስቱም ቀን ከድንኳኑ ሰው አልጎደለም። በሁለተኛው ቀን ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ የእማዬን ሕመም ማስታገሥ አይቻልም ነበር ወይ?» አለችኝ። እኔም «ምን ይደረግ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያመጣው ነው» አልኋት። ሞቱን እግዚአብሔር ያመጣው ይሁን፤ ያ ሁሉ ስቃይ ግን እኔ ባለመጠየቄ የመጣ ነበር። ይቻል እንደ ነበር ያን ጊዜም በመጠኑ አውቅ ነበር፤ ኋላ ስለዚህ ሥራ አጭር ሥልጠና ስወስድ ደግሞ አረጋገጥሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ለዚያች ልጅ ያልሰጠኋትን መልስ ለመስጠት ነው።

ይህ ሥራ በሐኪሞች ቋንቋ ፓሊየቲቭ ኬር ይባላል። የማስታገሻ እንክብካቤ ልንለው እንችላለን፤ የኛው «ማስታመም» የሚለው ቃልም ከዚህ የራቀ አይደለም። በሽታው የሚድን ባይሆን እንኳ ሕመምተኛው ያለ ስቃይ፣ በክብር፣ ከቤተ ሰቡ ጋር እንዲኖር የሚረዳ ሕክምና ነው። በዘመናዊ መልክ ከጀመሩት ሰዎች ዋናዋ እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በኋላም ሐኪም ሆና፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1967 በለንደን ከተማ ሴይንት ክሪስቶፈር የተባለውን ቤት ከፈተች። የእርሷ ትምህርት ባጭሩ ሲነገር ስቃይ አራት ፊት አለው የሚል ነው፤ የሥጋ ሕመም አለ፤ የአሳብ ጭንቀት አለ፤ የኑሮና የቤተ ሰብ ችግር አለ፤ የነፍስ ጥያቄ አለ። አንዱን ብቻ ያከመ ሐኪም ሰውየውን አላከመውም።

ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚል እንዳይኖር የኡጋንዳን ነገር ልጨምር። በካምፓላ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ዶክተር አን ሜሪማን ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን አቋቋሙ። እዚያ ሞርፊን የሚባለው መድኃኒት ከዱቄቱ በውሃ እየተበጠበጠ፣ በጠርሙስ ሆኖ፣ በአፍ የሚጠጣ በርካሽ ይዘጋጃል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙት በሕግ ተፈቀደ። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ሕመምተኞችን በቤታቸው ሲረዳ ቆይቷል። የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ እንክብካቤ የማንኛውም አገር የጤና አገልግሎት ክፍል እንዲሆን ወስኗል። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን ከመቶው 14 ያህሉ ብቻ ነው።

ታዲያ ክፍተቱ የት ላይ ነው? የመድኃኒትና የባለሙያ እጥረት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን እንደ እኔ አስተያየት አንዱ ትልቅ ክፍተት ሕመምተኛው መጀመሪያ በሚቀርብባት በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በጠቅላላ ሐኪሙና በጤና መኮንኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ካልተጠየቀና በትክክል ካልተመራ ሌላው ሁሉ አይደርስለትም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ልግለጽ።

አንደኛው መለየት ነው። ሐኪሞች ራሳቸውን የሚጠይቁት አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፦ «ይህ ሰው በሚመጣው አንድ ዓመት ውስጥ ቢሞት እደነግጣለሁ ወይ?» መልሱ «አልደነግጥም» ከሆነ፣ የሰውየውን ፍላጎት አሁኑኑ መመርመር ይገባል ማለት ነው። ይህ ትንቢት አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳታል። የሚያገለግለው ዐይን ለመክፈት ነው። ከዚህ ጋር፣ በስኮትላንድ የኤዲንብራ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያዘጋጁት የምልክቶች መዘርዝር አለ። ሕመምተኛው ከቀኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በአልጋ ወይም በወንበር ላይ ያሳልፋል ወይ? ለመታጠብና ለመልበስ የሰው እጅ ያስፈልገዋል ወይ? ሰውነቱ እየከሳ ነው ወይ? ሳይታሰብ ደጋግሞ ሆስፒታል ገብቷል ወይ? መድኃኒቱን እየወሰደ ሕመሙ አልለቅ ብሎታል ወይ? እነዚህን ለማየት ራጅ አያስፈልግም። እናንተ አስታማሚዎች ከማንም ቀድማችሁ ታዩዋቸዋላችሁ። ደግሞም ነገሩ የካንሰር ብቻ አይደለም፤ የልብ ድካም፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የሳንባ በሽታ፣ ስትሮክ፣ የእርጅና የመርሳት በሽታም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው መመርመር፣ ማለትም መጠየቅ ነው። ሕመም በዐይን አይታይም፤ የሚነግረን ባለቤቱ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው፤ «እንዴት ነዎት?» ሲባል እየሞተም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ስለዚህ በእጅ መጠየቅ ጥሩ ነው። ጭብጥ ያለ እጅ ምንም ሕመም የለም ማለት ነው፤ አንድ ጣት ጥቂት ሕመም፤ አምስቱም ጣቶች ከዚህ የባሰ የለም የሚባል ሕመም ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ወዲያው ይገባቸዋል። ከዚያም የት ላይ ነው? መቼ ይብሳል? እንቅልፍ ይከለክላል ወይ? ብሎ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ ሆድ ድርቀት፣ በመተኛት የሚመጣ ቁስል መኖሩን ማየት ነው። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ፦ «ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቅዎ ምንድን ነው?» ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ እትዬን ብጠይቃቸው ኖሮ አምስቱን ጣት ያሳዩኝ ነበር።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው መመሪያ ለቀላሉ ሕመም ቀላሉን፣ ለብርቱው ብርቱውን፣ በተቻለ መጠን በአፍ፣ ሕመሙ ሳይመለስ ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት ይገባል ይላል። ብርቱው ሞርፊን ነው። ብዙ ሰው ሞርፊን ሲባል ሱስ ያስይዛል ወይም ሞት ያፋጥናል ብሎ ይፈራል። ለብርቱ ሕመም፣ በባለሙያ ታዝዞ፣ ከጥቂቱ ተጀምሮ፣ በክትትል ሲሰጥ ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሊያንገላጅጅ ይችላል፤ የሆድ ድርቀት ግን አብዛኛውን ሰው ስለሚይዝ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። ለሌላ ሰው ማካፈል፣ ወይም በራስ አሳብ መጠኑን መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሕፃናት በማይደርሱበትም ይቀመጥ። ለሚሸት ቁስል ደግሞ ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ክኒን ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ሲደረግ ሽታውን ይቀንሰዋል። ያ ክኒን በጤና ጣቢያችን መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ ነበረ። እትዬ ቡናቸውን ሳይተዉ ሊኖሩ ይችሉ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ሦስተኛው መምራት፣ ማለትም የሪፈር ወረቀት ነው። «ለተሻለ ሕክምና» የሚል ወረቀት የላኪውን ሸክም ያወርዳል እንጂ ሕመምተኛውን አይረዳም። ደኅና ወረቀት እነዚህን ይይዛል፦ በሽታው ምንድን ነው? እስከ አሁን ምን ተደረገ? አሁን የሚወስደው መድኃኒት ምንና ምን ያህል ነው? ሕመሙ ስንት ጣት ነው? ሕመምተኛው ስለ በሽታው ምን ያውቃል? አስታማሚው ማን ነው፣ ስልኩስ? ደግሞ ከተቀባዩ የምንለምነው ምንድን ነው? ሕመሙን እንዲያስታግሡ ነው? ውሃ ከሆዱ እንዲቀዱ ነው? ወይስ በቤቱ የሚጠይቀው ነርስ እንዲመድቡ? ከሁሉም በላይ የመልሱ ወረቀት መመለስ አለበት። ሪፈር እንደ ደብዳቤ ነው፤ መልስ ካልመጣ ላኪው ያጣራል። ለሕመምተኛው ኀላፊነት ያለበት አንድ ሰው በስም ይታወቅ። የእትዬ ነገር የተበላሸው ይህ ባለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ «ይህ ታዲያ ተስፋ መቁረጥ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የተደረገ ጥናት አለ። የተዛመተ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው 151 ሰዎች ገሚሶቹ ከተለመደው ሕክምና ጋር የማስታገሻ እንክብካቤ ከመጀመሪያው አንሥቶ ተሰጣቸው። እነዚህ ኑሯቸው የተሻለ፣ ኀዘናቸው የቀነሰ ሆነ፤ ዕድሜያቸውም በመካከለኛ ስሌት 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ሕክምናዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀመር አይደለም። ጠበሉም፣ ጸሎቱም፣ ዱዓውም እንዲሁ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሌላው ትልቅ ነገር እውነቱን መናገር ነው። ቤተ ሰብ ሐኪሙን ወደ ጥግ ወስዶ «እባክህ ለእሱ እንዳትነግረው» ይላል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን እስቲ የራሳችንን መርዶ አስቡት። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ማልደን ሄደን፣ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሰውየው በቤቱ፣ ዘመድ አጠገቡ ሆኖ በጥንቃቄ ይነገረዋል፤ ከነገሩትም በኋላ ብቻውን ትተውት አይሄዱም። የሞትን ወሬ እንዲህ በሥርዐት መንገር የሚያውቅ ሕዝብ የበሽታን ወሬ መንገር እንዴት ያቅተዋል? ሐኪሙም ቢሆን በኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሰዓቱን እያየ አይናገር። ተቀምጦ፣ «ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ የፈለገውን ያህል ይንገረው። አልፈልግም ካለም ፈቃዱ ነው። ያልተነገረው ሰው ግን ሳይናዘዝ፣ ሳይታረቅ፣ ልጆቹን ሳይመርቅ ይሄዳል።

ሥልጠናውን ከወሰድሁ በኋላ የገጠመኝን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሽማግሌ ሹፌር የነበሩ ሰው በልብ ድካም በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ጥያቄውን ለራሴ ጠየቅሁ፤ መልሱ «አልደነግጥም» ሆነ። ሕመማቸውን በጣት ጠየቅኋቸው፤ ሁለት አሳዩኝ። ሌሊቱን ግን ትንፋሽ እያጠራቸው ተቀምጠው ነበር የሚያነጉት። ምን ያስጨንቅዎታል ብላቸው ጥቂት ዝም አሉና «በመሬት ነገር ከወንድሜ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም» አሉኝ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሁሉን ጻፍሁ፤ ሆስፒታሉም የሚያሸናቸውን መድኃኒት መጠን አስተካክሎ፣ ከመልስ ወረቀት ጋር መለሳቸው። ለወንድማማቾቹ ደግሞ በፈቃዳቸው የሰፈር ሽማግሌዎችን ላክን። ታረቁ። ሰውየው ከአራት ወር በኋላ በቤታቸው፣ ወንድማቸው ራስጌያቸው ተቀምጦ ዐረፉ። እኔ አላዳንኋቸውም፤ በለቅሶው ላይ ግን የልጆቻቸውን ዐይን ለማየት አላፈርሁም።

አሁን ወደ ዕድራችን ልመለስ። «በሕይወት ስላለ ሰው አሟሟት ማውራት ሟርት ነው» የሚል አባል እንዳለ ዐውቃለሁ። እኛ ግን በየወሩ የምናዋጣው ለምንድን ነው? ገንዘቡን የምንከፍለው ሁላችንም በሕይወት እያለን ነው፤ ማንም ሟርት አላለውም። በኤች አይ ቪ ምክንያት ብዙ ወጣት ባለቀበት ዘመን በርካታ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛ መጠየቅና መርዳት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየቀጠናው ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሕመምተኛ ጠያቂ ሆነው ይመረጡ። አልጋ ላይ የዋለ አባል ሲኖር ወደ ጤና ጣቢያ አብረው ይሂዱ፤ ወረቀቱን ይያዙ፤ መልሱን ይከታተሉ፤ አስታማሚዋም አንድ ሌሊት እንድትተኛ ይተኳት። የሕመምተኛው ምስጢር ግን ከእነርሱ እንዳይወጣ በደንቡ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከሞት በኋላ ከሚከፈለው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ፣ ሕመምተኛው ሲጠይቅና ሐኪም ሲመሰክር፣ በሕይወቱ ሳለ ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ እንዲሰጠው ደንቡ ይሻሻል። በሬሳ ሣጥኑ ላይ ጌጥ ከሚጨመር ለአንድ ወር እንቅልፍ ቢሰጠው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ድንኳንና ወንበር እንዳለን ሁሉ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ ከፍና ዝቅ የሚል አልጋና ጥቂት ፍራሽ ገዝተን በመጋዘናችን እናኑር፤ ለቸገረው እናውስ።

ከአባሎቻችን ልጆች መካከል በጤና ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ወጣቶች አላችሁ። ለእናንተ የምላችሁ አጭር ናት። ከደጅ ስልሳ ሰው ቢጠብቃችሁም ያን አንዱን «በጣትዎ ያሳዩኝ» ሳትሉ አትሸኙት። በወረቀቱ ላይም ከአንድ መሥመር በላይ ጻፉ።

ያችን ልጅ ዛሬም በሰፈሩ አገኛታለሁ፤ እርሷም የልጆች እናት ሆናለች። ባለፈው ወር ቤቷ ሄጄ «ያን ጊዜ የጠየቅሽኝ ነገር፣ ይቻል ነበር» አልኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያስ ለሌሎቹ ይንገሩላቸው» አለችኝ። እኔም ነገርኋችሁ።

ዕድራችንን እግዚአብሔር ያጽናልን።